ከእኔ በቀር ሁሉ ያነበበው ወረቀት

ለምወድህ፣ ዛሬ ግን ፊት ለፊቴ ባለመቆምህ ዕድለኛ ለሆንከው ታላቅ ወንድሜ፣

ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ደረጃ ስትወጣ የሚንቋቋው ጉልበትህ ተሻለው? መነጽርህን ቀየርክ ወይስ አሁንም እግሩን በክር አስረኸው ነው የተማሪዎቹን ስም መዝገብ ላይ የምትጽፈው? ሚስትህ ደህና ናት? የአክስታችን ወገብ እንዴት ሆነ? ታናሻችን ቀጮስ አዲሱ ሥራ ተስማማው? እኔ ጤንነቴን በተመለከተ ደህና ነኝ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ደብዳቤ እንዲህ እንደሚጀመር ያስተማርከኝ አንተ ነህና። በዚህ ጊዜ ግን የእኔን ጤና ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ፤ ስለዚህ አንተው ንገረኝ። እንዴት ነኝ ጋሼ? ካወቅከው አሥራ አራት ወር ሆኖሃል።

አዎ፣ ወረቀቱን አይቼዋለሁ። ይህን እንዳነበብክ ወደ ሚስትህ ዞረህ ማን ላከላት እንዳትል፤ የላከችልኝ እሷ ናት፤ እሱንም ለምኜ፣ አልቅሼ፣ አስለቅሻት ነው። በእሷ ላይ ድምፅህን ከፍ ብታደርግ ግን ከእኔ ጋር እንደተጣላህ እወቀው።

ከሥሩ ልጀምር። ያኔ ለአንድ ወር ዕረፍት አገር ቤት መጥቼ ሆዴን ሲያመኝ ሆስፒታል የወሰድከኝ አንተ ነህ፤ እሱን አልክድም። ወረፋ ይዘህልኛል፣ ቦርሳዬን ተሸክመህልኛል፣ ካሜራ ያለው ቱቦ በጉሮሮዬ ሲገባ በሩ ላይ ቆመህ ከእኔ በላይ አልበሃል። ሐኪሙ ከጨጓራዬ ትንንሽ ናሙና ቆንጥሮ ወደ ላቦራቶሪ ላከ፤ ውጤቱ በሁለት ሳምንት ይደርሳል አለ። እኔ ደግሞ ወደ ሥራዬ ለመመለስ የቀረኝ አራት ቀን ነበር። የመዝገብ ክፍሏ ሴትዮ ውጤቱ ለማን ይነገር ስትለኝ፣ ሳላስብ ለወንድሜ አልኩና ያንተን ስልክ አስጻፍኩ። ምን አስባለሁ? የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነህ፤ ወረቀት መጠበቅ ሥራህ ነው። የአራተኛ ክፍል የፈተና ውጤቴን እስከ ዛሬ በፕላስቲክ ሸፍነህ ያስቀመጥክ ሰው ነህ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወልክልኝ። ምንም የለም፣ ያው ጨጓራ ነው ብለዋል፣ በርበሬ ተዪ፣ አትናደጂ፣ ምግብ በሰዓቱ ብዪ አልከኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ "በርበሬ" እያልክ የምትጠራኝ አንተ በርበሬ ተዪ ስትለኝ ሳቄ መጣ። ስልኩን ዘግቼ በኮት ስፌት ቤታችን ባልደረባዬ ለሆነችውና አብራኝ ለምትኖረው ለቁልፍ ሰፊዋ፣ ወንድሜ እንዲህ ነው፣ ድምፁ ራሱ መድኃኒት ነው ብዬ ጉራዬን ነፋሁባት። አሁን ያቺን ሴት ቀና ብዬ ለማየት አፍራለሁ።

ከዚያ ሥራዬን ቀጠልኩ። ጠዋት ገብቼ ማታ እወጣለሁ፤ ኮት ይመጣልኛል፣ ገበሩን እሰፋለሁ፣ ለካውያው ክፍል አሳልፋለሁ። ሆዴ ግን አላርፍ አለ። ሁለት ጉርሻ ስቀምስ ሞላሁ ይላል፤ ባዶ ሲሆን ደግሞ ይፍቀኛል። በርበሬ ተውኩ። ሻይ ተውኩ። ንዴት እንኳ ለመተው ሞከርኩ፣ የሥራ አለቃዬን እያየሁ እስከ አሥር ስቆጥር መርፌ ጣቴን ወጋኝ። በመጨረሻ ቁልፍ ሰፊዋ እጄን ይዛ እየጎተተች ወደ ሐኪም ወሰደችኝ። ሐኪሟ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ያለፈው ምርመራ ውጤት የታለ የሚል ነበር። ደወልኩልህ። ቤቱ ሲቀባ ጠፋ አልከኝ።

ጋሼ፣ ውሸት እንኳ አታውቅበትም። ባለፈው ዓመት የወንበር መግዣ ደረሰኝ ጠፋብህ ብለው ሲነግሩህ ሦስት ቀን ምግብ ያልበላህ ሰው፣ የእህትህ የሆስፒታል ወረቀት ጠፍቶብህ እንዲህ እንደ ዋዛ ትነግረኛለህ? ያኔ ነው ልቤ የጠረጠረው። ለሚስትህ ደወልኩ። ወረቀቱ የታለ ስላት ወሬ ቀየረችብኝ። ወሬ ስትቀይር አወቅኩ፤ ለምኜ፣ አልቅሼ አስጨነቅኳት። በማግስቱ ከእናታችን ፎቶግራፍ ጀርባ ካለው ፖስታ አውጥታ፣ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ጎበዝ ናትና ሁለቱንም ገጽ ነው ያነሳችው።

በምሳ ሰዓት የገበር ጨርቅ ጥቅልሎቹ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። አራት ዓረፍተ ነገር ነው። በጨጓራው ውስጠኛ ሽፋን ላይ ያልተለመደ የሴል ለውጥ ታይቷል፣ ዝቅተኛ ደረጃ። ካንሰር አልታየም። ባክቴሪያው በመድኃኒት ይታከም። ምርመራው በስድስት ወር ውስጥ ይደገም። በቃ፣ ይኸው ነው። ቀጥዬ የጀርባውን ከፈትኩ። እዚያ ያንተን የእጅ ጽሑፍ አገኘሁ። እንደ ተማሪ ስም ጥሪ በእርሳስ መስመር አስምረህ ስም ዘርዝረሃል። ሚስትህ፣ የምልክት ጭረት። አክስታችን፣ ጭረት። ቀጮ፣ ጭረት። የትምህርት ቤቱ የባዮሎጂ መምህር፣ ጭረት። ከሁሉ በታች "በርበሬ" ይላል፤ ከፊቱ ደግሞ "አይነገራት" ብለህ ጽፈህ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምረሃል።

ደሜ ፈላ። የማደርገው ጠፍቶኝ ተነስቼ ጥቅልሎቹን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ግድግዳ ማመላለስ ጀመርኩ። አለቃዬ መጥቶ ምን ሆነሻል ቢለኝ እንደ እብድ ጮህኩበት፤ ሰውዬው ምንም አላጠፋም፤ የአንተ ድርሻ ነው የደረሰው። የባዮሎጂ መምህሩ! እኔ የማላውቀው፣ አንድ ቀን በግቢ በር በኩል አልፎ ሰላም ያለኝ ሰውዬ የጨጓራዬን ውስጥ ያውቃል፤ እኔ ባለ ጨጓራዋ አላውቅም። እናንተ በሆዳችሁ የያዛችሁት የእኔን ሆድ እኮ ነው።

አሁን ነው ሁሉም ነገር የገባኝ። በወር አንዴ እንኳ የማይደውለው ቀጮ በየእሑዱ መደወል የጀመረው ለምን እንደነበር ገባኝ። አክስታችን ስልክ ላይ ስትመርቀኝ መጨረስ ያቃታት፣ መሀል ላይ ድምፅዋ የሚሰበረው ለምን እንደነበር ገባኝ። አንተ ራስህ! በሕይወትህ ለእኔ እሺ ብለህ የማታውቅ ሰው፣ የእናታችን የስፌት መኪና ለእኔ ይሁንልኝ ስልህ ያለ ክርክር እሺ አልክ። በመጣሁ ቁጥር በዚያች መኪና ስንጨቃጨቅ ስንት ዓመታችን ነው? ደግ ሆንክልኝ ብዬ እንባዬ መጣ። ለካ ለሟች ነው እሺ የምትለው። እኔ እዚህ በልቼ፣ ሰፍቼ፣ ስቄ ስኖር እናንተ እዚያ ቁጭ ብላችሁ እያለቀሳችሁልኝ ነበር።

ያነበብከው የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ነው። "ያልተለመደ የሴል ለውጥ" የሚለውን አየህ፤ እናታችንም በጨጓራ ነው የሞተችው፤ በቃ ልብህ ቆረጠ። ወረቀቱን ይዘህ ወደ ባዮሎጂ መምህሩ ሄድክ፤ እሱም የክፉው በሽታ መነሻ ነው አለህ። ይህን ሁሉ ሚስትህ ነግራኛለች። ከዚያ ቤተሰብ ሰብስበህ፣ በር ዘግተህ፣ ሰላሟን አንንሳት፣ የቀራትን ጊዜ በደስታ ትኑር ብለህ ወሰንክ። ወረቀቱ ግን ካንሰር አልታየም ይላል! መድኃኒት ትውሰድ ይላል! በስድስት ወር ትምጣ ይላል! ለሞተ ሰው ቀጠሮ አይሰጥም ጋሼ። አንድ ሰው እንኳ ከመካከላችሁ ይህን ማሰብ እንዴት ያቅተዋል?

እዚህ ያለችው ሐኪሜ ነገሩን ወረቀት ላይ እየሣለች ነው ያስረዳችኝ። ባክቴሪያው ሽፋኑን ያቆስለዋል አለች። ቁስሉ ለዓመታት ሲቆይ ሽፋኑ ይሳሳል፤ ቀጥሎ ሴሎቹ የጨጓራ መሆናቸውን ረስተው የአንጀት መምሰል ይጀምራሉ፤ ከዚያ ወዲያ ነው ሰልፋቸውን የሚያፈርሱት፣ አንዱ ይተልቃል፣ አንዱ ይጠቁራል፣ አንዱ በሌላው ላይ ይወጣል። ይህ ራሱ ካንሰር አይደለም፤ ወደዚያ የሚወስድ መንገድ ነው። አንዳንዱ ሰው እዚያው ለዓመታት ይቆያል፣ የአንዳንዱ ይመለሳል፣ የአንዳንዱ ይቀጥላል። የማን የቱ እንደሆነ የሚታወቀው ደግሞ እየደጋገሙ በማየት ብቻ ነው። ይገባኛል፣ እኔ የኮት ገበር ነው የምሰፋው አልኳት። ሳቀችና ከተማሪዎቼ ይልቅ አንቺ ትረጂኛለሽ አለችኝ። እውነቷን ነው። ገበር ውስጥ የተፈታች ስፌት ከውጭ አትታይም፤ ኮቱ ያምራል፣ ገዢው ለብሶት ይሄዳል። ጠረጴዛዬ ላይ ሳለ ካገኘኋት በጠመኔ ምልክት አድርጌ ወዲያው እመልሳታለሁ። አይቼ እንዳላየ ካሳለፍኩ ግን ኮቱ ተቀዶ ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ የሚጠየቀው ያየው ሰው ነው።

ሌላም ነገር አለብኝ፤ ብዙ ዓመት በሆዴ ይዤው የኖርኩት። እናታችን አልጋ ላይ ሆና ምን አሉኝ ልጄ ብላ ስትጠይቅህ፣ ነፋስ ነው እማዬ፣ ይወጣል ስትላት በሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። ሦስት ጊዜ ጠየቀችህ። ሦስቴም ነፋስ ነው አልካት። በኋላ መጠየቁን ተወችው፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ያመነችህ መስሎህ ነበር? እኔ ፊቷን አይቼዋለሁ። የምትለን ነበራት ጋሼ። እንደምትሞት አውቃ፣ እናንተ እንዳትደነግጡ ብላ ዝም ብላ ሞተች። የቤታችን በሽታ ጨጓራ ብቻ አይደለም።

ክፉ ሰው ብትሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ስድብ አዘጋጅቼ፣ ሰድቤህ፣ ተገላግዬ እተኛ ነበር። ስለምትወደኝ እንደሆነ ማወቄ ነው አንጀቴን የሚያቃጥለው። አባታችን ሲሞት ከትምህርትህ ወጥተህ ያሳደግከኝ፣ ጫማዬን ያሰርክልኝ፣ ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህ። ግን የአርባ ሁለት ዓመት ሴት ነኝ። በራሴ ሆድ ጉዳይ ስም ጥሪው ላይ ልገባ አይገባኝም?

ማክሰኞ ዕለት እንደገና ቱቦውን ዋጥኩ። በግራ ጎኔ አስተኝተውኝ፣ አፌ ላይ ፕላስቲክ አስነክሰውኝ፣ እንባዬ ወደ ጆሮዬ እየወረደ ስለ አንተ እያሰብኩ ነበር፤ ደግ ሐሳብ አልነበረም። ከስምንት ቦታ ናሙና ወሰዱ። የመዝገብ ክፍሉ ልጅ ውጤቱ ለማን ይነገር ሲለኝ "ለእኔ! ለእኔ ብቻ!" ብዬ ስለጮህኩ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የቅርብ ዘመድ ሲለኝ የለኝም አልኩት። እንደዚያ ብዬሃለሁ፤ እንድታውቀው ነው። ውጤቱ ሐሙስ ይደርሳል። እስከዚያ እዚህ ላይ ላቁም፤ እጄ ደከመኝ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ውጤቱ መጣ።

ከዚህ በላይ፣ "ውጤቱ መጣ" ከሚለው ቀጥሎ አጥቁሬ የሰረዝኩት አንድ መስመር ታያለህ። ወረቀቱን ወደ መስኮት ከፍ አድርገህ ብታየው ታነበዋለህ። "ጋሼ፣ ምንም የለም፣ ንጹሕ ነው ብለዋል" ይላል። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ይህን ሁሉ ገጽ ስወርድብህ ቆይቼ፣ ውጤቱን ካየሁ በኋላ ብዕሬን ሳነሳ መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ነው። ዕድሜህን አሰብኩ፣ ጉልበትህን አሰብኩ፣ ብቻህን በመዝገብ ክፍሉ ስታነበው ታየኝ፣ እጄ ራሱ ጻፈው። የቀለሙ እርጥበት ሳይደርቅ ምን እንዳደረግኩ ገባኝ። ለካ አንተም እንዲህ ነው ያደረግኸው፤ በክፋት አይደለም፣ በአንዲት ደቂቃ ነው። ብቻ አንተ አልሰረዝከውም።

እውነቱ ይኸውልህ። በአንድ ቦታ፣ ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ፣ ለውጡ ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ደረጃ ወጥቷል። ገና ከሽፋኑ አላለፈም፤ ወደ ውስጥ አልወረደም። ሐኪሟ በዚያው ቱቦ ገብታ ያቺን ቦታ ብቻ ገፍፋ ታወጣታለች፤ ሆዴ አይቀደድም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለው ማክሰኞ ነው፤ ሁለት ቀን እተኛለሁ። የወጣችው ቁራጭ ደግሞ እንደገና ትመረመራለች፤ ሁሉም ነገር በትክክል የሚታወቀው ያኔ ነው፤ ከዚያ በኋላም በየጊዜው እየሄዱ ማሳየት አለ። የባክቴሪያውን መድኃኒት ጀምሬያለሁ፤ አፌን ብረት ብረት ይለኛል። የአሥራ አራት ቀን መድኃኒት ነው ጋሼ። አሥራ አራት ወር ያስጠበቅከኝ ለአሥራ አራት ቀን መድኃኒት ነው።

በስድስተኛው ወር መጥቼ ቢሆን ኖሮ ብዬ ጠየቅኳት። ብዕሯን እያየች፣ ምናልባት ያኔም ይህንኑ እናደርግ ነበር፣ ምናልባት ግን ይቀል ነበር፣ መፍረድ አልችልም አለችኝ። እሷ አትፈርድም። እኔ ገና አልወሰንኩም። ፈርቻለሁ፤ ይህንንም አልደብቅህም። ትናንት አንድ ኮት ላይ ገበሩን ገልብጬ ሰፍቼ እስክጨርስ ድረስ አላየሁትም፤ በአሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቀን እንኳ አድርጌው አላውቅም።

ሐኪሟ ስለ ቤተሰብ ጠየቀችኝ። እናቴ በምን እንደሞተች ነገርኳት፤ ወንድሞችሽስ ተመርምረዋል አለችኝ። ያኔ ሚስትህ ወረቀቱን ስትልክልኝ የነገረችኝ ትዝ አለኝ። ኮትህ ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ የሚታኘክ የጨጓራ ክኒን አለ። ምግብ ጀምረህ ደረትህን ይዘህ ትነሳለህ። ቀበቶህ ሰፍቶህ በሚስማር ሁለት አዲስ ቀዳዳ በስተህበታል። ስትጠይቅህ ምን እንደምትላት ልንገርህ? ነፋስ ነው ትላታለህ። አንተ ሰውዬ! ስም ጥሪው ላይ አንድ ሰው እንደጎደለ እንኳ አላየህም።

ስለዚህ ትሄዳለህ። ወደ ባዮሎጂ መምህሩ አይደለም፤ ወደ ሆስፒታል። እናታችን በምን እንደሞተች ሳትደብቅ መንገር አለብህ። ቀጮንም ይዘኸው ሂድ። ቱቦው ያስጠላል፣ ያስመልሳል፣ ግን ያልቃል። ውጤቱ ለማን ይነገር ሲሉህ ለራሴ በል።

እኔም ዛሬ ወደ መዝገብ ክፍሉ ተመልሼ ሄጄ ነበር። የቅርብ ዘመድ በሚለው ቦታ ያንተን ስልክ አስሞላሁ። ከእኔ ቀጥሎ። ልጁ ያን ቀን የለኝም ብለሽ አልነበር ቢለኝ ተናድጄ ነው አልኩት።

የውጤቴን ግልባጭ ከደብዳቤው ጋር አድርጌልሃለሁ። በምሳ ሰዓት ሁሉም ባሉበት ጮክ ብለህ አንብበው፤ ሁሉንም መስመር፣ ሳትዘል። ሚስትህን ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ ሕይወቴን ያተረፈች እሷ ከሆነች ደግሞ እናያለን። ለአክስታችን ገና አለሁ በላት፤ ለቅሶዋን ታቁምና ምርቃቷን ትጨርስልኝ። ለቀጮ እሑድ እሑድ መደወሉን እንዳይተው ንገረው፤ ብቻ እንደ አስታማሚ ሳይሆን እንደ ድሮው እየተሳደበ ይደውል። ለባዮሎጂ መምህሩም ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ከመጀመሪያው ወረቀት የቀሩትን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ያንብብ። የእናታችንን ፎቶግራፍ አቧራውን ጥረግልኝ፤ ከጀርባው ግን ከእንግዲህ ምንም እንዳይቀመጥ። የስፌት መኪናዋም የእኔ ናት፤ እሺ ብለሃል፤ ስለምኖር መጥቼ እወስዳታለሁ።

በግልባጩ ጀርባ እንደ አንተ በእርሳስ መስመር አስምሬ ስም ጽፌያለሁ። መጀመሪያ "በርበሬ" ይላል፤ ከፊቱ "ተነግሯታል" ብዬ ጭረት አድርጌበታለሁ። የሌሎቹን አንተ እያነበብክላቸው ጭረት አድርግ። ከሁሉ በታች ያንተ ስም አለ፤ ፊቱን ባዶ ትቼዋለሁ። እሱን ደህና ነኝ ብለህ እንዳትሞላው። ወረቀቱን ላክልኝ፤ ሁለቱንም ገጽ።

ገና ያልሞተችው እህትህ፣
በርበሬ

ከኮት ስፌት ቤቱ ጀርባ፣ ከሁለተኛው ፎቅ ክፍሌ
ሐሙስ፣ የካቲት 13 ቀን